ብሎን የሌለው ዕቃ አትግዙ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት የገባ ሰው ከጠረጴዛው ሥር የተቀመጠ ካርቶን ማየቱ አይቀርም። በካርቶኑ ውስጥ ትንንሽ ብሉቱዝ ስፒከሮች፣ ሚሞሪ የሚበሉ ሙዚቃ ማጫወቻዎች፣ የአንገትና የጆሮ ኤርፎኖች ተከምረዋል። ብዙዎቹ ድምፃቸው አልተበላሸም። ቁልፋቸው ይሠራል፤ ቻርጀር ሲሰካባቸው መብራታቸው ይበራል። ከቻርጀሩ ሲነቀሉ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጸጥ ይላሉ። የሞተው ባትሪው ብቻ ነው።

ታዲያ ባትሪ መቀየር ምን ያቅታል? ጠጋኙ ሙያውን ያውቃል። ካቻቢቴው አለ፤ መበየጃው አለ፤ ባትሪም ከገበያ አይጠፋም። የጎደለው የሚከፈት ነገር ነው። የፕላስቲኩ ሁለት ግማሾች በሙጫ ወይም በሙቀት ተጣብቀዋል። ለመክፈት መስበር ያስፈልጋል። ከተሰበረ በኋላ ደግሞ ውስጡ ያለው ባትሪ ቁጥር የሌለው፣ ለዚያ ሣጥን ልክ ብቻ የተቆረጠ ሆኖ ይገኛል። ጠጋኙ ደንበኛውን አይቶ "ወንድሜ፣ አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል" ይላል። ደንበኛውም "ዕድሌ ነው" ብሎ ይሄዳል።

ዕድል አይደለም። ማንም ያጣበቀው ነገር በዕድል አይጣበቅም። አንድ ሰው አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ብሎኑን ትቶ ሙጫውን መርጧል። የዚያን ምርጫ ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ያ ሰው ስሟን ሰምቷት በማያውቃት ከተማ የሚኖር ገዢ ነው።

■ ድሮ እንዴት ነበር?

"ድሮም ባትሪ ያልቅ ነበር" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ያልቅ ነበር። ቴፕ የነበረበት ቤት ሁሉ ድንጋይ ይገዛ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር፤ ትንሽ ነፍስ ዘርቶ አንድ ሁለት ዘፈን ይጨምር ነበር። ወጪው ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ድንጋዩ ሲያልቅ ቴፑ አያልቅም ነበር። ክዳኑ ተከፍቶ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል። አባት የገዛውን ቴፕ ልጅ ሲያደርስበት የታየው፣ የሚያልቀውና የማያልቀው ነገር ተለያይተው ስለተሠሩ ነው።

ከዚያ ኖኪያ መጣ። ቢኤል-5ሲ የተባለችውን ባትሪ የማያውቅ የኢትዮጵያ ገጠር ያለ አይመስልም። ባለ 3.7 ቮልት፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ጠፍጣፋ ባትሪ ናት። ለስልክ የተሠራች ብትሆንም ቻይና ውስጥ ሬዲዮና ሙዚቃ ማጫወቻ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን በእሷ ልክ ሠሩ። ለዚህ ነው ዛሬም ሚሞሪ የሚበላ ሬዲዮ ከጀርባው ክዳኑ ሲከፈት እሷ የምትገኘው። ቴክኖና አይቴልን የመሳሰሉ የቁልፍ ስልኮችም ቢሆኑ ጀርባቸው በጥፍር ተከፍቶ ባትሪ የሚቀየርላቸው ናቸው። አንድ የከምባታ ገበሬ ስልኩ ሲደክምበት የሬዲዮኑን ባትሪ አውጥቶ ስልኩ ውስጥ ይከታል፤ ማታ ደግሞ መልሶ ሬዲዮኑን ያዳምጣል። ይህን ማንም መሐንዲስ አላስተማረውም። ዕቃው ስለፈቀደለት ብቻ ነው።

ልብ በሉ፣ ያቺ ባትሪ ፍጹም አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 ኖኪያ በአንድ አምራች የተሠሩ 46 ሚሊዮን ያህል ቢኤል-5ሲ ባትሪዎች ቻርጅ ሲደረጉ ከልክ በላይ ሊግሉ እንደሚችሉ አስታውቆ በነፃ እለውጣለሁ ብሎ ነበር። ይህን ማለት የቻለው ባትሪው ስለሚወጣ ነው። ባለቤቱ ክዳኑን ከፍቶ በባትሪው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቦ የእሱ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይችል ነበር። ዛሬ በሙጫ በተጣበቀ ስፒከር ውስጥ አደገኛ ባትሪ ቢኖር ባለቤቱ በምን ያውቃል?

■ ባትሪ ለምን ይሞታል?

ሊቲየም ባትሪ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ እያረጀ የሚሄድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶኒ ለገበያ ካቀረበው ጀምሮ ብዙ ተሻሽሏል፤ የፈለሰፉት ሦስት ሳይንቲስቶችም በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ባሕርዩ ግን አልተለወጠም። በተለመደ አጠቃቀም ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ የመያዝ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፤ ከዚያም እያሽቆለቆለ ይሄዳል። ሙቀት ያፋጥነዋል። እስከ መጨረሻው ማሟጠጥ ይጎዳዋል። ሞልቶም ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ማደር አይስማማውም።

አሁን ይህን ከእነዚህ ከተሞች ኑሮ ጋር አነጻጽሩት። መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣ ሁሉም ያለውን ዕቃ በአንድ ሶኬት ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ ያሳድራል፤ ነገ ስለማይታወቅ። መብራት ያልደረሰበት ቀበሌ ያለው ሰው ደግሞ ዕቃውን እስኪሟጠጥ ድረስ ይጠቀምና በገበያ ቀን ከተማ ይዞ መጥቶ ከፍሎ ያስሞላል። ማለትም ባትሪን የሚገድሉት ነገሮች ሁሉ እዚህ የዕለት ተዕለት ኑሮ ናቸው። ባትሪው ቶሎ በሚሞትበት አገር፣ ባትሪው የማይወጣ ዕቃ ይሸጣል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

አምራቹ ይህን አያውቅም ማለት ሞኝነት ነው። ባትሪው ስንት ዙር እንደሚያገለግል በሚገዛበት ጊዜ ከባትሪ ፋብሪካው የተጻፈ መግለጫ ይቀበላል። የስፒከሩ ድምፅ ማውጫ ለዓመታት እንደሚሠራ ያውቃል፤ ባትሪው ግን ቀድሞ እንደሚሞት ያውቃል። ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቆ ሲሸጥ የሚረዝመውን ዕድሜ በሚያጥረው ቆረጠው ማለት ነው። ሆን ብሎ ነው ወይስ ቸል ብሎ? ለመፍረድ የአምራቹን ልብ መመርመር አያስፈልግም፤ ሣጥኑን ገልብጦ ብሎን መፈለግ ይበቃል።

■ ሀብታሞቹ አገሮች ዝም አላሉም

ይህ ነገር "የርካሽ የቻይና ዕቃ" ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በሙዚቃ ማጫወቻ ላይ ይህን ጨዋታ ያስለመደው በዘመኑ እጅግ ከተወደዱት ዕቃዎች አንዱ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 አይፖድን በ399 ዶላር ዋጋ ሲያስተዋውቅ፣ ከጀርባው የሚከፈት የባትሪ ክዳን አልነበረውም። በ2003 ኬሲ እና ቫን ኔይስታት የተባሉ ሁለት የኒውዮርክ ወንድማማቾች የአንዳቸው አይፖድ በ18 ወሩ ባትሪው ሞተ፤ ለማስጠገን ወደ 250 ዶላር እንደሚያስወጣና አዲስ ቢገዛ እንደሚሻል ተነገረው። የሆሳዕናው ጠጋኝ የሚናገራት ዓረፍተ ነገር መሆኗን ልብ በሉ። ልዩነቱ፣ እነዚያ ሰዎች "ዕድሌ ነው" ብለው ወደ ቤት አልሄዱም። የከተማዋን የአይፖድ ማስታወቂያዎች እየዞሩ ባትሪው የማይቀየርና 18 ወር ብቻ የሚቆይ መሆኑን በቀለም ጻፉባቸው፤ ፊልም ቀርጸውም በኢንተርኔት ለቀቁት።

በዚያው ሰሞን አፕል በ99 ዶላር ባትሪ የመቀየር አገልግሎት ጀመረ። ገዢዎች በቡድን ከሰሱት፤ በ2005ም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ትውልድ አይፖዶች ገዢዎች ባትሪያቸው ከደከመ የ50 ዶላር ኩፖን ወይም የተራዘመ ዋስትና እንዲያገኙ በስምምነት ተዘጋ። ከዓመታት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2017፣ ያው ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር ያዘገይ እንደነበር አመነ። ፈረንሳይ ለደንበኞቹ ባለማሳወቁ በ2020 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው።

ፈረንሳይ ከዚያም በፊት፣ በ2015፣ የዕቃን ዕድሜ ሆን ብሎ ማሳጠርን ወንጀል አድርጋለች፤ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና 300 ሺህ ዩሮ ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ፣ ከየካቲት 18 ቀን 2027 ጀምሮ በትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ያለ ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ በቀላሉ አውጥቶ ሊቀይረው የሚችል እንዲሆን ያስገድዳል። በውኃ አካባቢ የሚያገለግሉትን ለመሰሉ ውስን ዕቃዎች ለዚህ ግዴታ ልዩ ሁኔታ አለ፤ መለወጫው ባትሪም ዕቃው ከገበያ ከወጣ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት መገኘት አለበት።

እንግዲህ ጥያቄው ግልጽ ነው። አውሮፓ "የማይከፈት አልቀበልም" ስትል፣ የማይከፈተውን የሚያመርተው ፋብሪካ ዕቃውን ወዴት ይልካል? ማንም ወዳልጠየቀው ገበያ ነው። መርካቶ ይራገፋል፤ ከመርካቶ በሚኒባስና በአይሱዙ ተጭኖ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሆሳዕና ይደርሳል።

■ እዚህ ለምን ይከፋል?

የሀዲያና የከምባታ ቤተሰብ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። ከእንሰትና ከስንዴ ማሳ ባሻገር፣ ደቡብ አፍሪካ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ሌሊትና ቀን ከሚሠራ ልጅ ነው። በዚያ አገር ሱቃቸው የተዘረፈ፣ ሕይወታቸውንም ያጡ ልጆች ሐዘን የተቀመጠባቸው ቤቶች በእነዚህ ከተሞች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ባለ ዋጋ የመጣ ብር ተቀንሶ ለእናት የተገዛ ማጫወቻ በዓመቱ ድምፁ ሲዘጋ፣ የጠፋው የፕላስቲክ ሣጥን ብቻ አይደለም።

በዚያ ላይ ውስጡ ምን እንዳለ እናስብ። በሀዲይኛና በከምባትኛ የተዘመሩ መዝሙሮችና የተዘፈኑ ዘፈኖች ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የሉም። ብዙዎቹ የሚኖሩት በሚሞሪ ካርድ ነው፤ ከሱቅ ተጭነው፣ ከጎረቤት ተቀድተው፣ ከመዘምራን ልምምድ ተቀርጸው። እንሰት የሚፍቁ ሴቶች ከጎናቸው የሚያስቀምጡት፣ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ የሚቀዳው ይህን ነው። ሚሞሪው የሚወጣ ከሆነ ዕቃው ቢሞትም ድምፁ ይተርፋል። ነገር ግን ድምፁን በውስጠኛ ሚሞሪ የሚይዙ የተጣበቁ ማጫወቻዎችም አሉ፤ ባትሪያቸው ሲሞት የሟች አባት ድምፅ የተቀረጸበት ነገር አብሮ ሊዘጋ ይችላል። ይህን የትኛው ዋስትና ይመልሰዋል?

ለአገርም ኪሳራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ስፒከር ባትሪው ብቻ ሞቶ ሙሉው በተጣለ ቁጥር በዚያ ዶላር ሌላ ሙሉ ስፒከር ይገባል።

■ "ርካሽ ስለሆነ ነው"

ዋናው መከራከሪያ ይህ ነው፦ ድሃ ርካሽ ይፈልጋል፤ የተጣበቀ ዕቃ ደግሞ ርካሽ ነው፤ ስለዚህ አትንኩት።

እስቲ እናስላው። ለምሳሌ ያህል ብቻ ባትሪው የሚወጣ ማጫወቻ 1,500 ብር፣ ባትሪው 200 ብር ነው እንበል፤ ባትሪም በየዓመቱ ይሙት። አምስት ዓመት ለመጠቀም አንድ ማጫወቻና አራት ባትሪ ያስፈልጋል፤ ድምሩ 2,300 ብር ነው። የተጣበቀው በግማሽ ዋጋ፣ በ750 ብር ይሸጥ እንበል። በአምስት ዓመት አምስት ጊዜ ይገዛል፤ 3,750 ብር። ግማሽ ዋጋ የተባለው ዕቃ በመጨረሻ በ1,450 ብር ተወደደ። ርካሹ ዕቃ ርካሽ የሚሆነው በተገዛበት ቀን ብቻ ነው።

"ውኃ እንዳያስገባ ነው የተጣበቀው" የሚልም አለ። ለአንዳንዱ ዕቃ እውነት ነው። ነገር ግን የእጅ ሰዓት ጀርባው በብሎን እየተከፈተ ውኃ የማያስገባ ሆኖ ሲሠራ ኖሯል፤ ጎማ ያለው ክዳን ያው ሥራ ይሠራል። በዚያ ላይ ከሚጣበቁት ዕቃዎች ብዙዎቹ በቻርጀር ቀዳዳቸው ውኃ የሚጠጡ ናቸው። ውኃ ለማያስቆም ሙጫ ይህን ያህል መከራከር ምንድን ነው?

ሌላው ሰበብ ነጋዴው ነው። ዕቃው በዓመቱ ሲሞት ገዢው ሄዶ የሚጣላው ከሱቁ ልጅ ጋር ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው። የሱቁ ልጅ ከመርካቶ የመጣውን ይሸጣል። እሱም ቢሆን ግን ከጥፋት ነፃ አይደለም፤ "ኦሪጅናል ነው" ከማለቱ በፊት ጀርባውን ገልብጦ ማየት ይችል ነበር።

■ ሕጉስ?

ሕግ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የተጣበቀ ማጫወቻ በ15ኛው ቀን ሸጋ ሆኖ ይዘምራል። ሞቱ በአሥረኛው ወር ነው። ሕጉ የሚፈልገው ብልሽት ገና አልመጣም፤ ሲመጣ ደግሞ ሕጉ ሄዷል። ደረሰኝ ያልተቀበለ ገዢ ደግሞ በመጀመሪያውም ቀን አፉን የሚከፍትበት ማስረጃ የለውም።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425ም አለ። እሱ የሚያወራው ዕቃው ከሞተ በኋላ ስለ መቅበሩ ነው። በአዲስ አበባ አቃቂ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መበታተኛ ማዕከል ተቋቁሟል፤ ከዶዮገና ወይም ከጃጁራ አንድ የሞተ ኤርፎን አቃቂ ድረስ የሚወስድ ሰው ግን የለም። ስለዚህ ባትሪው ጓሮ ይጣላል፤ ከቆሻሻ ጋር ይቃጠላል፤ ያበጠው ደግሞ ልጅ በሚስማር ወግቶት እሳት ያስነሳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

"አቅም የለንም" የሚለው መልስም አይሠራም። ይህ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያሳወቀ መንግሥት ነው። ስንት ሚሊዮን ብር የሚያወጣን መኪና በድንበር ማስቆም የቻለ፣ የመዳፍ ያህል ስፒከር ገልብጦ "ባትሪው ይወጣል ወይ?" ብሎ መጠየቅ አያቅተውም።

■ ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ገዢው። ከመክፈሉ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ባትሪው ይወጣል? የባትሪው ቁጥር ስንት ነው? ሚሞሪው ይወጣል? ቢኤል-5ሲ ወይም 18650 የሚል መልስ ጥሩ መልስ ነው፤ ሁለቱም የትም የሚገኙ ናቸው። "አይከፈትም" የሚል መልስ ሲሰማ ዕቃውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ። አንዳንዱ ብሎን ከእግሩ ጎማ ሥር ይደበቃል፤ ባለሱቁ ያሳይ። ደረሰኝም ይቁረጥ።

ሁለተኛ፣ በብዛት የሚገዙ። በእነዚህ ከተሞች ለመዘምራን፣ ለወጣት ማኅበር፣ ለትምህርት ቤት ስፒከርና ማጫወቻ የሚገዙ አጥቢያዎችና መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው። አንድ ሰው ሲጠይቅ ነጋዴ ይስቃል፤ ሃያ አጥቢያ ሲጠይቅ ግን ወደ መርካቶ ይደውላል። መርካቶም ወደ ቻይና ይደውላል።

ሦስተኛ፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናም በዱራሜም ግቢ አለው፤ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎቹ በየዓመቱ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ይፈልጋሉ። በከተማው የሚሸጡ አሥር ማጫወቻዎችን ገዝቶ፣ ሞልቶ እያሟጠጠ ስንት ዙር እንደሚቆዩና እንደሚከፈቱ ወይም እንደማይከፈቱ ፈትሾ በአማርኛ፣ በሀዲይኛና በከምባትኛ አንድ ገጽ ላይ የሚለጥፍ ተማሪ ከብዙ ሼልፍ ላይ ከሚቀር ጥናት በላይ አገር ይጠቅማል።

አራተኛ፣ መንግሥት። የኢትዮጵያ ስታንዳርዶች ኢንስቲትዩት ለተንቀሳቃሽ ድምፅ ማጫወቻዎች አንድ መስመር ይጻፍ፦ ባትሪው በተራ ካቻቢቴ መውጣት አለበት፤ ዓይነቱና ቁጥሩም በካርቶኑ ላይ መጻፍ አለበት። ጉምሩክ በዚያ መሠረት ይፈትሽ። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ለማይከፈት ዕቃ አስመጪው ቢያንስ የአንድ ዓመት የባትሪ ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድድ። አስመጪው "ባትሪው ዓመት አይሞላም" ብሎ እምቢ ካለ፣ ገዢው ከመግዛቱ በፊት መስማት የሚገባውን እውነት በራሱ አፍ ተናገረ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ሥልጣኑ በገዢው ጣት ላይ ነው። መስቀል ሲደርስ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአዲስ አበባ ገንዘብ ሲገባ፣ እነዚህ ሱቆች ይሞላሉ። በዚያ ሳምንት ዕቃ የሚገዛ ሰው ድምፁን ከመሞከሩ በፊት ገልብጦ ጀርባውን ይይ። ብሎን ከሌለው፣ ዕቃው ሲገዛውም የተበላሸ ነው።